ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት አይገባም

የቆሰበር ቀበሌ ሊቀ መንበር አቶ አዝመራው ከአልጋቸው ወድቀው ተገኙ። ግራ ጉንጫቸው መሬት ላይ ነው፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከራስጌያቸው ባለችው ባለ ሦስት እግር መቀመጫ፣ ዱካ ላይ ተዘርግቷል። ዱካዋ ላይ ማቶት አለ፤ ቅል እንዳይንከባለል የሚቀመጥበት፣ ከሣር የተገመደ ክብ። ቅሉ የለም። የሟቹ ጣቶች ባዶውን ማቶት እንደጨበጡ ደርቀዋል።

መርማሪዋ ሃምሳ አለቃ ልክየለሽ ይህን ያየችው እሑድ ጠዋት፣ ከዳንግላ በጭነት መኪና ተንገላታ ከደረሰች በኋላ ነው። ጊዜው ጥቅምት 1978 ነበር፤ ዝናቡ ወጣሁ ብሎ ያልወጣበት ወር። የሟቹ ምክትል ጓድ ነጋ በሩ ላይ ቆሞ ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ። «ገዳይዋ ማድ ቤት ተቆልፎባታል። ከሰዓት መኪናው ሲመለስ ይዘዋት ይሄዳሉ። ሪፖርቱንም ጽፌዋለሁ።»

«እኔ ሳልመጣ?»

«ጊዜ ለመቆጠብ።»

«የማንን ጊዜ? የእርስዎን ከሆነ፣ እዚህ ቆመው ያባክኑታል» አለችና ጎንበስ ብላ የሟቹን ሸሚዝ አንገት ዳሰሰች። በላብ ርሶ የደረቀ ነው፤ ጨው ሠርቷል። አልጋው ላይ ትውከት የለም። ከአልጋው ሥር ያለው ጥቁር የላስቲክ ጫማ ንጹሕ ነው። መስኮቱ ደፍ ላይ የኮሶ ዝቃጭ የቀረበት ዋንጫ ተቀምጧል። ከግድግዳው ስንጥቅ የወጣ የጉንዳን ሰልፍ ዱካዋን ይወጣል፣ ማቶቱን ይዞራል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ማን ናት ገዳይ የተባለችው?»

«አብሳይዋ፣ ምህረቴ። ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸውን ስላሸግነው ቂም ይዛ መረዘችው። የምታበላውን ቢያዩ! እህል የሌለበት ምግብ! ሰው ያለ እህል ሲኖር የት ታይቷል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አቶ አዝመራው ባሕር ዳር ሄደው ሲመረመሩ የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። ሐኪሙ እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ጠላውን ከለከላቸው። ቆሰበር ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ። የገበሬውን ገብስና ጤፍ በኮታ እየሰበሰበ የሚያስጭን ሰው አንዲት ቅንጣት እንዳይቀምስ ሲፈረድበት፣ ማን ሳቁን ይነፍገዋል? ያልሳቀችው ምህረቴ ብቻ ነበረች። እሷ ምን እንደምታበላቸው ታስብ ነበር።

ልክየለሽ ማድ ቤቱን ስታስከፍት፣ ልጅቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ዓመት አይሞላትም። ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል፤ ቢላዋውን ወስደውባት እንኳ ጎመን በጣቷ ትቀነጥሳለች።

«ለማን ነው?»

«እንጃ፣ እትዬ። እጄ ነው።»

«ምን ይበሉ ነበር ሰውየው?»

«ጎመን በሥጋ፣ እንቁላል፣ ዱባ። ሥጋውን በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት አሽቼ፣ በሞራ አቁላላዋለሁ። ሽሮ ይነፋቸዋል፣ ወተትም አይስማማቸውም፣ ተውኩት።»

«ጥሬ ሥጋስ?»

«ኧረ ዓመት አለፋቸው! ሐኪሙ በደንብ ይብሰል ብሏል። ለመስቀል እንኳ ሰው ቁርጥ ሲቆርጥ እሳቸው እኔ ያበሰልኩትን ነው የበሉት። ጓድ ነጋ ሲስቁባቸው ነበር።»

«ዳቦ ሲያምራቸውስ?»

ምህረቴ ሳታስበው ፈገግ አለች። «እሱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ዱባ ቀቅዬ እደቁሰዋለሁ፤ ተልባ ቆልቼ እወቅጥበታለሁ፤ እንቁላል እመታበታለሁ። ከዚያ በኮባ ጠቅልዬ ረመጥ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ሲወጣ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚበሉት። ‹አሁን ሰው ሆንኩ› ይላሉ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም በማለዳ ይዤላቸው መጣሁ። ኪኒናቸውን ሲውጡ ወዲያው መብላት አለባቸው። ሚስታቸው እትዬ እናትነሽ ግን በሩ ላይ፣ ‹ኮሶ ጠጥቷል፤ ዛሬ አይበላም፤ ሂጂ አንቺ› አሉኝ። ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት ደግሞ አይገባም። ጥቅሉን እዚህ አስቀምጬ ሄድኩ። ያውና።»

መደርደሪያው ላይ የደረቀ የኮባ ጥቅል ነበር። በራሱ በኮባ ልጥ ታስሯል፤ ቋጠሮው አልተነካም።

«ከራስጌያቸው ያ ማቶት ምን ነበር የሚቀመጥበት?»

«የማር ቅል። ኪኒኑ ሲበረታባቸው ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ያኔ ማር ከላሱ ነፍሳቸው ትመለሳለች። ሐኪሙ ለእትዬና ለእኔ ነው የነገረን። ያ ቅል ከዱካዋ ተነሥቶ አያውቅም።» ልጅቷ ጎመኑን አስቀመጠችው። «እትዬ፣ ዳንግላ ከወሰዱኝ እመለሳለሁ?»

ልክየለሽ በመኪናው ከወሰደቻቸው መካከል ስንቱ እንደተመለሰ ታውቃለች። «እስኪ ጥቅሉን ስጪኝ» አለች።

ወይዘሮ እናትነሽ፣ የሟቹ ሚስት፣ ጥቁር ለብሳ ጥግ ይዛለች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል። ምህረቴን ከሕፃንነቷ ያሳደገቻት እሷ ናት።

«ራሱ ነው ‹ኮሶ አጠጪኝ› ያለኝ» አለች። «አጠጣሁትና ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ ወጣሁ። ማታ ስመለስ... ይኸው።»

«ምህረቴ መርዛዋለች ይላሉ።»

እናትነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ሰበሰበች። «እነሱ ካሉ...»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናቴ።»

«ልጅ አለዎት?»

«አንዳርጋቸው። ከቀድሞው ባሌ ነው። አክስቱ ዘንድ ሄዷል፤ ከሄደ ሰንብቷል።» ይህን ስትል የተዘጋው ድምፅዋ ተከፈተ። ልክየለሽ ልብ አለችው።

ጎረቤቲቱ እማማ ውብአየሁ ሳትጠራ ነው የመጣችው። «አጥራችን አንድ ነው፤ እንዴት አልሰማም?» አለች። «ቀትር ላይ ‹ማር! ማር!› ይላል። ምስኪን፣ መራራው አንገሽግሾት ነው አልኩ።»

«አልገቡም?»

«ኮሶ ጠጥቶ? እንዴት ተደርጎ! ደግሞስ ኮሶው ሳይሠራ ማር ቢቀምስ ይከሽፍበት የለም እንዴ? ‹አይዞህ፣ ቻለው!› አልኩት ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ። ኋላ በስሜ ጠራኝ። ከዚያ ዝም ሲል፣ ጎሽ፣ ለቀቀው ብዬ ፈትሌን ቀጠልኩ።» አሮጊቷ የልክየለሽን ፊት አየች። «ምነው ልጄ? ጥፋት ሠራሁ?»

«የለም፣ እማማ» አለች ልክየለሽ። መዋሸት ሥራዋ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ ቃል አጣች።

የቀረው ጓድ ነጋ ነው። «እርስዎ ትናንት መጥተው ነበር?»

«መጥቻለሁ። ከሰዓት ስብሰባ ነበረና። ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ሊቀ መንበሩ በአፉ ሊጠራ ነበር። እናትነሽ ለገበያ ስትወጣ በሩ ላይ አገኘኋትና ኮሶ ጠጥቷል አለችኝ። ስብሰባውን ለዛሬ አዛወርኩት።»

«ሲያቃስቱ ሰምተዋል?»

«ኮሶ የጠጣ ሰው ሲዘፍን ሰምተው ያውቃሉ?»

«ስብሰባው እንዲቀር የሚፈልግ ማን ነበር?»

«ወንድ ልጅ ያላት ሁሉ» አለና ሳቀ። «ምን ዋጋ አለው! የመጀመሪያውን ዛሬ ሲነጋጋ ይዘነዋል። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሟቹ የእንጀራ ልጅ፣ አንዳርጋቸው! በቀርከሃው ውስጥ ለውስጥ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ሊሻገር ሲል ጥበቃዎቹ አነቁት። እናቱ ሐዘን ላይ ናት ብለን አልነገርናትም፤ እኛም እኮ ሰዎች ነን። ስንቁ ደግሞ ቅል ሙሉ ማር! ልጆቹ እስካሁን ጣታቸውን ይልሳሉ።»

ልክየለሽ ጉንዳኖቹን አሰበቻቸው።

«ቅሉ የት ነው?»

«ጽሕፈት ቤት። ምነው፣ ማር አማረዎት?»

«አማረኝ። በጨርቅ ሸፍነው ያስመጡልኝ። ሰዎቹንም ሁሉ ይጥሩልኝ።»

ሁሉም ሟቹ ከተኙበት ክፍል ተሰበሰቡ። አስከሬኑ አሁን ተሸፍኗል። ነጋ ከሁለት መሣሪያ ከያዙ ጥበቃዎች ጋር በሩን ይዟል። እማማ ውብአየሁ መሬት ተቀምጣለች። ምህረቴ እናትነሽን ታያለች፤ እናትነሽ ምህረቴን አታይም።

ልክየለሽ የኮባውን ጥቅል አነሣች። «መርዙ ይህ ነው የተባለው?»

«እሱው ነው» አለ ነጋ።

ቋጠሮውን ፈታች፣ ቢጫውን ዳቦ ገመጠች፣ ረጋ ብላ አላመጠችና ዋጠች። «ጨው አንሶታል» አለች ወደ ምህረቴ ዞራ። «ሌላ ጉድለት የለበትም። ቋጠሮውን ራሳችሁ አያችሁት፤ ሰውየው አልነኩትም። አቶ አዝመራውን ምግብ አልገደላቸውም። የገደላቸው ምግብ ማጣት ነው።»

«ኮሶስ?» አለች እማማ ውብአየሁ።

«ኮሶም አልጠጡም፣ እማማ። ኮሶ የጠጣ ሰው ጓሮ ሲመላለስ ይውላል። ዓርብ ሌሊት ዝናብ ነበር፤ ጓሮው ጭቃ ነው፤ ጫማቸው ግን ንጹሕ ነው። አላስመለሳቸውም። ደግሞ ኮሶ ለምን ይጠጣሉ? ዓመት ሙሉ ጥሬ ሥጋ አልቀመሱም፤ ጓድ ነጋ ራሳቸው ስቀውባቸዋል። ዋንጫው እንድናየው የተቀመጠ ነው። ‹ኮሶ ጠጥቷል› የሚለው ወሬ ግን አንድ ሥራ ሠርቷል። ምህረቴን ከበር መለሰ። ጓድ ነጋን መለሰ። እማማን ከአጥሩ ወዲያ አስቀረ። ሰውየው ኪኒናቸውን ውጠው፣ ሳይበሉ፣ በላብ ተዘፍቀው ሲጣሩ ሀገሩ ሁሉ አይዞህ አላቸው።»

እማማ ውብአየሁ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«አንድ መዳኛ ነበራቸው፣ እዚች ዱካ ላይ። እጃቸውን ሰደዱ፤ ያገኙት ማቶቱን ብቻ ነው። ጉንዳኑ ዛሬም ይፈልገዋል። የማሩን ነገር የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ምህረቴ አልገባችም። ወሬው ደግሞ ከአንድ አፍ ነው የወጣው፤ ምህረቴም ጓድ ነጋም የሰሙት ከዚያው አፍ ነው።» ልክየለሽ እጇን ወደ ጥበቃው ዘረጋች። «አምጣው።»

ጨርቁ ሲገለጥ፣ አንገቱ በቀይ ክር የተጠመጠመ ቅል ወጣ። ባዶ ነው።

እናትነሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ባሏን ማን ገደለ እየተባለ እንደሆነ የረሳች ትመስል ነበር። «ልጄን ያዛችሁት?» አለች። «አንዳርጌን? የት ያዛችሁት? መታችሁት?»

ልክየለሽ ቅሉን ማቶቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ልክ ገጠመ።

«አዝመራው አንድ ቀን እንዲተኛ ነው የፈለግሁት» አለች እናትነሽ፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «‹ፊት የራሴን ቤት ልጅ እጠራለሁ፤ ያኔ ማንም አይናገረኝም› አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለሱ ክብር ነው፤ ለኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ሁለት ኪኒን ሰጠሁት። ይደክመዋል፣ ስብሰባው ይቀራል፣ ልጄ ይርቃል አልኩ። ማሩ... ማሩን ለስንቅ ነው ያነሣሁት።»

«ቆሎም ስንቅ ነው፣ እትዬ» አለች ልክየለሽ በቀስታ።

እናትነሽ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ምህረቴን ፍቷት» አለች ልክየለሽ።

ነጋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደህና መርምረዋል፤ እናመሰግናለን። ግን ሪፖርቱ ጠዋት ተልኳል፣ ስሟን ይዞ። ስሟ ከደረሰ እሷም መድረስ አለባት።»

«ነጻ ናት እያልኩዎት!»

«ነጻ ከሆነች እዚያ ይለቋታላ። ጴንጤነቷንስ የሰጠቻት እናትነሽ ናት? እሱንም ያጣሩት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ።» ጥበቃዎቹ መሣሪያቸውን አስተካከሉ።

ልክየለሽ ጮኸች፣ አስፈራራች፣ በመጨረሻም ለመነች፤ መለመን አትወድም ነበር። ስትመጣ አንዲት ሴት ይዛ እንድትመለስ ነበር የታሰበው። ሁለት ይዛ መኪናው ላይ ወጣች።

ከቆሰበር ሲወጡ ከፊታቸው ከየቀበሌው ለውትድርና የተያዙትን ምልምሎች የጫነ መኪና ይታያል። እናትነሽ የተሳፈሩበትን መኪና ጎን ይዛ ቆመች፤ የተላጨ ራስ ሁሉ ልጇን መሰላት። ልክየለሽ የሾፌሩን ጣሪያ ደበደበች። «ቅደመው!»

«በዚህ ጭቃ? አይቀደምም!»

የፊተኛው መኪና ዳገቱን ወጥቶ ጉም ውስጥ ገባ። እናትነሽ ቆማ ቀረች፤ ቆይታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ምህረቴ ከጉያዋ የቀረውን የዱባ ዳቦ አወጣች። ልክየለሽ የገመጠችበትን ጎን ወደ ራሷ አድርጋ፣ ያልተነካውን ቆርሳ ዘረጋች።

«ይብሉ እንጂ፣ እትዬ» አለች። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

እናትነሽ ቁራሹን ተቀበለች። አልበላችውም፣ አልጣለችውምም። ዳንግላ ደርሰው ጥበቃው ጣቶቿን አንድ በአንድ እስኪፈለቅቃቸው ድረስ ጨብጣው ነበር።