ስኳር በልተዋል የተባሉት የሌሊት ወፎች

ቆዩ ልጆቼ፣ ልሳቅና ልንገራችሁ። ሆዴን እኮ ያዘኝ። ዋናው ነገር ደግሞ ገና ነው፤ ወደ መጨረሻው ነው የሚመጣው።

ዲንቄ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው፤ እሱም ከመጣ። እናቷ ወይዘሮ ዘርፉ የወሩን ስኳር በጣሳ አድርገው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጡት። ዲንቄ ወንበር ላይ ወጣች። ጣቷን ነክራ ላሰች። አንድ ጊዜ ብቻ ብላ ነበር። እናንተስ አንድ ጊዜ ብቻ ብላችሁ አታውቁም? ጣሳው ባዶ ሆነ።

እናቷ ሲጠይቋት ወደ ኮርኒሱ ጠቆመች። "የሌሊት ወፎቹ በሉት" አለች።

እውነትም ኮርኒሱ ውስጥ ትንንሽ የሌሊት ወፎች ይኖሩ ነበር። ወሬው ወዲያው ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያማ ስኳር የጎደለበት ሁሉ በእነሱ አሳበበ። አቶ ነገሪ እንኳ ከጠርሙሳቸው የጎደለችውን አረቄ የሌሊት ወፍ ጠጣብኝ ብለው ለሚስታቸው ማሉ።

እሁድ ጠዋት፣ ሰው ከቅዳሴ ቀርቶ፣ የቀበሌ ስብሰባ እዚያው እነ ዲንቄ ግቢ ውስጥ ተጠራ። የሌሊት ወፎቹ በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሰሱ። እናንተ ትስቃላችሁ፤ ያኔ ግን ማንም አልሳቀም። ሊቀ መንበሩ ጓድ ሰብስቤ በበርበሬ ጭስ ታፍነው እንዲያልቁ ወሰኑ።

መልካሳ እርሻ ምርምር የሚሠራው ጎረቤታቸው ጆቴ እጁን አወጣ። የዚህ ዓይነት የሌሊት ወፍ ሌላ ቦታ ተፈልጎ አለመገኘቱን ተናገረ። ሌሊቱን ሙሉ ትንኝና የእሳት ራት ሲለቅሙ ነው የሚያድሩት አለ። አንዷ እናት በዓመት አንድ ልጅ ብቻ ስለምትወልድ፣ እነዚህ ካለቁ የሚተካቸው እንደሌለ አስረዳ።

"ታዲያ ስኳሩን ማን በላው?" አሉ ጓድ ሰብስቤ።

ጆቴ እጁን አወረደ። ዲንቄ ከእናቷ ጀርባ ገባች።

ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ከሰል ቀረበ፤ በርበሬው ተነሰነሰበት። መጀመሪያ ያስነጠሳቸው ራሳቸውን ጓድ ሰብስቤን ነው። ከዚያ ስብሰባው በሙሉ ማስነጠስ ሆነ። በዚህ መሃል አንዲት የሌሊት ወፍ በጭሱ ተደናብራ ወጣችና የሊቀ መንበሩ ኮፍያ ላይ ተለጠፈች። የሌሊት ወፍ ሽንት ፀጉር ይመልጣል ይባል ስለነበር፣ ጓድ ሰብስቤ እንደ ቆሙ ድርቅ አሉ።

ዲንቄ ቀና ብላ አየች። ወፊቱ ደረቷ ላይ ፀጉር ያላወጣች፣ የጣት ጫፍ የምታህል ልጇን ታቅፋለች። ልጇ ትንቀጠቀጣለች። ዲንቄን አላስቻላትም፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"እሳቱን አጥፉት። ስኳሩን የበላሁት እኔ ነኝ።"

እሳቱ ላይ ውሃ ተደፋ። እናቷ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን እውነቱን በማውጣቷ አቀፏት። የአቶ ነገሪ ሚስትም ዞር ብለው ባላቸውን ቢፈልጉ፣ አቶ ነገሪ ከአጥሩ ማዶ ደርሰዋል።

አያችሁ ልጆቼ፣ እግዚአብሔር አፍ ባልሰጠው ፍጥረት ላይ ጥፋታችንን አንጫን፤ ያጠፋ ሰው ቶሎ እውነቱን ይናገር።

ጓድ ሰብስቤስ? ሕዝቡ ሁሉ እሳቸውን እያየ ውሳኔ ይጠብቃል። እሳቸውም አንገታቸውን ሳያነቃንቁ፣ በሹክሹክታ እንዲህ አሉ፦

"ውሳኔው ተሽሯል፤ እዚያው ይኑሩ። አሁን ይቺን አራስ ከነልጇ ቀስ ብላችሁ ከራሴ ላይ አውርዱልኝ።"