ከሙዙ ሥር የነበረው ቦሎቄ

ሜሮን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ፣ በኩልፎ ወንዝ ውሃ ከሚለሙት የሙዝ ማሳዎች መካከል ነው።

አባቷ ብዙነህ ከኦቾሎ ተራራ የወረደው ገና በልጅነቱ ነው። በሰው ማሳ እየሠራ አደገ። ጦሙን ያደረባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው፤ እሱ ግን አያወራቸውም። መሬት ባዶውን ሲቀመጥ ሲያይ ብቻ ፊቱ ይጠቁራል።

የራሱ መሬት ጠባብ ናት። ዘንድሮ አዲስ ሙዝ ተከለባት። በሙዙ መስመሮች መካከል ደግሞ ቦሎቄ ዘራ። ልጆች፣ ያንን ማሳ ብታዩት ደስ ይላችሁ ነበር። ሙዙ ወደ ላይ ይሄዳል። ቦሎቄው ዝቅ ብሎ አፈሩን ያለብሳል። ፀሐይዋ አፈሩን ፈልጋ ታጣዋለች። የቤተሰቡ የውሃ ተራ ደርሶ ውሃው በቦዩ ሲገባ፣ አንዴ ፈስሶ ሁለቱንም ያጠጣል። ሙዙ እስኪያፈራ ድረስም ቤተሰቡ ቦሎቄ ይበላል። እንዲህ ያለ ማሳ የሚያለማ ሰው ሊከበር ይገባዋል።

ሜሮን ግን ታፍርበት ነበር። ያሳፈራት የጎረቤታቸው ልጅ ታምሩ ነው።

«ሜሪ፣ አባትሽ በዚህ ጥሻ ውስጥ ዘንዶ ሊያረባ ነው እንዴ?» ይላታል በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ። «የኛን ማሳ እዪው! ሙዝ ብቻ! ኳስ መጫወት ትችያለሽ።»

አንድ ቀን አባቷን ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ቦሎቄው የሙዙን ውሃ አይሻማበትም?»

«አይሻማበትም። ይጠብቅለታል።»

ዶማውን አንሥቶ ወደ ሥራው ሄደ።

አንድ ጠዋት ብዙነህ ወደ ሲቀላ ገበያ ሲሄድ፣ «አረም ብቻ ንቀዪ። ቦሎቄውን እንዳትነኪ» አላት። እሷም «እሺ» አለች። አረሟን ስትነቅል ታምሩ ከመንገድ ሆኖ ሳቀባት። ያን ጊዜ ተናደደች። በመንገዱ በኩል ያለውን ቦሎቄ ከነሥሩ ነቀለችው። የነቀለችውንም በአጥሩ ላይ ወደ መንገዱ ወረወረች። ማሳው በዚያ በኩል ጽድት አለ። ደስ አላት።

ደስታዋ ግን አባቷ እስኪመጣ ብቻ ነበር።

ብዙነህ ባዶውን አፈር አየ። ወደ መንገዱ ዞረ። የጎረቤታቸው የእማማ ሻሺቱ ሁለት ፍየሎች ቦሎቄ በአፋቸው ሞልተው ያመነዥካሉ።

«ማነው ይህን ያደረገው?»

ሜሮን ፈራች። «ፍየሎቹ ናቸው፣ አባዬ» አለች።

እማማ ሻሺቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ በእነዚያ ፍየሎች የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሲጠየቁ ግራ ገባቸው።

«ብዙነህ፣ ፍየል ከላይ ትቀነጥባለች እንጂ ከነሥሩ ትነቅላለች እንዴ?»

ብዙነህ ወደ ልጁ ዞሮ አያት። ከዚያ «ልጄ አትዋሽም» አላቸው።

አያችሁ ልጆች? አባቷ አመናት። ይህ ከቁጣም በላይ ያማል።

እማማ ሻሺቱ አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲያው በገበያ ቀን እሸጣቸዋለሁ። ከጎረቤት ተጣልቼ አላድርም» አሉ።

በዚያ ሳምንት ወንዙ ጎደለ። የውሃ ተራቸው ዘገየ። ፀሐዩም በረታ። ቦሎቄ በተነቀለበት በኩል አፈሩ ተሰነጣጠቀ፤ የሙዙ ቅጠል እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ቦሎቄ ባለበት በኩል ግን ሙዙ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብዙነህ ልጁን ጠራና የቦሎቄውን ቅጠል በእጁ ገለጥ አደረገው።

«ንኪው» አላት።

አፈሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

«አየሽ? ደህና ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው» አለ ብዙነህ።

ሜሮን እማማ ሻሺቱን አሰበች። እጇን ከአፈሩ ላይ ሰበሰበች። ማታ ለጸሎት ስትቆም ቃሉ ከአፏ አልወጣ አላት።

የገበያው ቀን ነጋ። እማማ ሻሺቱ ሁለቱን ፍየሎች በገመድ እየሳቡ ወጡ። ሜሮን ከበር ሆና አየቻቸው። ከዚያ ወደ ቦዩ ሮጠች። ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጨች። በጋሞ ምድር ሽማግሌዎች ዕርቅ ሲለምኑ እርጥብ ሣር ይዘው ይንበረከካሉ፤ ሣር የያዘን ሰው ረግጦ የሚያልፍ የለም። እሷም ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ መንገዱ መሃል ተንበረከከች።

«እማማ፣ አይሽጧቸው! ቦሎቄውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ፍየሎቹ የጣልኩትን ነው የበሉት። ይቅር ይበሉኝ!»

እማማ ሻሺቱ ቆሙ። ፊታቸው ከበደ።

«ቤቴን ልታፈርሺብኝ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።» እንባዋ ወረደ።

ይህን ጊዜ አንደኛዋ ፍየል አንገቷን አስግጋ ሣሩን ከሜሮን እጅ ትበላ ጀመር። እማማ ሻሺቱ ሳያስቡት ሳቁ።

«ተነሺ በቃ! የተበደለችው እሷ ናት፤ እሷ ከታረቀችሽ እኔ ምን አገባኝ?»

ብዙነህ ከበሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። መጣና ከእማማ ሻሺቱ ፊት ቆቡን አወለቀ። «እኔም በድዬዎታለሁ። ነግረውኝ አልሰማሁም» አላቸው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ፈርቼ ነው፣ አባዬ።»

«ዛሬስ አልፈራሽም?»

«ዛሬም ፈርቻለሁ።»

ብዙነህ ትከሻዋን ያዝ አደረጋት። እሱ ሰው የሚያመሰግነው እንዲህ ነው። ከቤት አንድ እፍኝ የቦሎቄ ዘር አምጥቶ በመዳፏ ላይ አፈሰሰላት።

«ውሃው ነገ ይደርሰናል። አንቺ ትዘሪዋለሽ» አላት።

ልጆች፣ ስታጠፉ ጥፋታችሁን በሌላው ላይ አትጣሉ፤ ብትፈሩም እውነቱን ተናገሩና የበደላችሁትን ሰው ይቅርታ ጠይቁ።