ሙሾ የወረደለት ልጅ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

ተዋናይ ስለሆንኩ «እየተወነብን ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ፤ በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ግን የትወና ነገር ሲያልቅ «ከት» የሚል ሰው አለ። ይህኛውን እስካሁን «ከት» ያለልኝ የለም...

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት። ቦታው ለቡ መብራት ኃይል፣ ግድግዳው ገና ያልተለሰነ ፎቅ ላይ።

ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስሜ ኤልያቄም ነው። ሰዉ የሚያውቀኝ ግን አቡሽ ብሎ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ አቡሽ የሚባል የዋህ ተማሪ ሆኜ ገባሁ። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላኝም አቡሽ ገና አሥረኛ ክፍል ነበር።

አትሳቁ።

በቀን ሁለቴ ጢሜን እየተላጨሁ፣ ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ፣ ቦርሳ አንግቼ «አስተማሪው መታኝ» ብዬ አለቅሳለሁ። ታክሲ ውስጥ እናቶች ጉንጬን ይቆነጥጣሉ። አንዲት ልጅ ወድጄ ሻይ ልጋብዛት ብቀርብ፣ የቤት ሥራዬን ሠርቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጓደኞቿ በሳቅ ሞቱ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ መስታወት ሰበርኩ።

ስለዚህ ገዳይ የምሆንበት ፊልም ሲመጣልኝ ዘልዬ ነው የገባሁበት።

ዳይሬክተሩ ሚሳኤል ይባላል። ድራማውንም የሚሠራው እሱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። መጀመሪያ አቡሽ በድራማው ይሞታል፤ ተመልካቹ አልቅሶ ይቀብረዋል። ከዚያ እኔ በፊልሙ ሰው ደብድቤ ስገድል እታያለሁ። ሚሳኤል ቁርጡንም ነግሮኛል፦ አቡሽ አንዴ ከሞተ መመለሻ የለህም፣ ፊልሙ ካልያዘልህ አለቀልህ።

ሙሄም እንደኔ ነው። በድራማው የአቡሽ ጓደኛ ሆኖ ያደገ። እሱም ከዩኒፎርሙ መውጣት ፈልጎ፣ በፊልሙ የምገድለውን ሰውዬ ለመሆን ተስማማ።

ያልወደደችው እናቴ ብቻ ናት። ገበያነሽ ትባላለች፣ ቤቷ ላፍቶ ነው። ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ። እሷ ከእኔ ሌላ የላትም፣ እኔም ከእሷ ሌላ የለኝም። ልጄ ሰው ሲገድል አላይም ብላ አኮረፈች። አቅፌ ስስማት ግን ኩርፊያዋ አልቆየም።

የአቡሽን ለቅሶ የቀረፅነው ለቡ ነው። ድንኳን ተተከለ፣ የሰፈሩ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሚሳኤል እውነተኛ ለቅሶ ካልሆነ ብሎ፣ ሙሾ በማውረድ የታወቁ እትዬ ተሾመች የሚባሉ ሴትዮ አስመጣ።

እኛ ጴንጤ ነን። በእኛ ቤት ለቅሶ ላይ ይዘመራል እንጂ ሙሾ አይወረድም። ሙሾ አውራጅ ከመጀመሯ በፊት ስለ ሟቹ እንደምትጠይቅ እንኳ አላውቅም ነበር።

እትዬ ተሾመች ጠየቁ። የማን ልጅ ነው? የት ነው ያደገው? ምን ይወድ ነበር? ምልክቱስ ምንድን ነው?

ይህን ደራሲው አልጻፈውም። የአቡሽ እናት በድራማው «እማዬ» ከመባል በቀር ስም የላትም። ሚሳኤል ዝም ብለው ያልቅሱ ቢላቸው፣ የማላውቀውን ልጅ አላለቅስም ብለው ነጠላቸውን ማጣፋት ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ቶሎ ሞቶ እንዲያልቅልኝ ነው የምፈልገው።

ስለዚህ የራሴን ሰጠኋቸው።

የገበያነሽ ልጅ ነው አልኳቸው። ላፍቶ ነው ያደገው። ከሳይክል ወድቆ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። መብረቅ ሲጮህ አልጋ ሥር ይገባል። ዳቦ ሻይ ውስጥ ነክሮ መብላት ይወዳል... ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማስታውሰውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

እትዬ ተሾመች ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ ተነሡ።

«የገበያነሽ ልጅ ቅንድበ ጠባሳ፣
እናትህ ስትጠራህ ምነው ብትነሳ...»

ድንኳኑ ተናወጠ።

ሴቶቹ ደረታቸውን መደለቅ ጀመሩ። ድው... ድው... ድው። አንዷ ጉንጯን በጥፍሯ ቧጥጣ ደም አወጣች። ሚሳኤል ሦስት ጊዜ «ከት» ብሎ ጮኸ። ማንም አላቆመም።

ሲበቃቸው ለእትዬ ተሾመች ውሃ ይዤ ቀረብኩ። ወንድሙ ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሳቄ መጣ። የነገርኳቸው ሁሉ የራሴ እንደሆነ ነገርኳቸው።

በጥፊ አጮሉኝ። አፌ ደም ደም አለኝ።

«ማንን ነው ያስቀበርከኝ?» አሉ በሹክሹክታ።

ነጠላቸውን እንኳ ሳያነሡ ከድንኳኑ ወጥተው ሄዱ።

እኔ ከጥፊው በላይ የተሰማኝ ደስታ ነው። አቡሽ ሞተልኝ ብዬ ያን ቀን ጢሜን ሳልላጭ አደርኩ።

ከዚያ ቅዳሜው መጣ።

ሰሀር የሜካፕ ባለሙያችን ናት። ለዓመታት ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ ስትሸፍን የኖረችው እሷ ናት። የዚያን ቀን ጣቷን ቅንድቤ ላይ እያሻሸች ቆየች።

«ጠባሳህ የታለ?» አለችኝ።

መስታወቱን ተቀበልኳት... ቆዳዬ ልሙጥ ነው። ምንም ነክቶት አያውቅም።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የእናቴን ድምፅ መስማት ፈለግኩ። ደወልኩላት።

«ሄሎ... ማን ልበል?»

እኔ ነኝ እማ አልኳት። ከዚያ እንደ እንግዳ ሰው «ደህና ነዎት?» አለችኝ። እናቴ አንቱ አለችኝ።

«እማ፣ ልጅሽ ነኝ።»

«ልጄ የለም... ሰው ሊፈልግ ለቡ ሄዷል» አለችና ዘጋችው።

መልሼ ልደውል ስል ተጠራሁ። ሁሉም ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኔን እየጠበቀ ነው። ስልኩን ለሰሀር ሰጥቼ ወጣሁ፤ እሷም ተከተለችኝ።

ትዕይንቱ አጭር ነው። ሙሄ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ እኔ በፌሮ ብረት ደብድቤ እገድለዋለሁ። ፌሮው ከጎማ የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ ነው። ልጅ ቢመታበት እንኳ አያሳምምም።

ሚሳኤል የካሜራውን ቦታ ላስተካክል ብሎ ጥቂት እንድንቆይ ጠየቀ። ሙሄ ውሃ ሊጠጣ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ፌሮውን እንደያዝኩ እዚያው ቆምኩ።

በደረጃው በኩል አንድ ልጅ ወጣ።

ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። ጫማው ቀይ አፈር በአፈር ነው። ቀስ ብሎ መጥቶ፣ ሙሄ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ቆመ። ቀና ሲል ፊቱን አየሁት...

የእኔ ፊት ነው። የአሥራ አምስት ዓመቱ። ጠባሳው ቅንድቡ ላይ አለ።

«ማነህ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ኤልያቄም።»

«ኤልያቄም እኔ ነኝ።»

ራሱን ነቀነቀ።

«አንተማ ገዳዩ ነህ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አይደለም፣ ንዴት ነው። የዘጠኝ ዓመት ንዴት። ያ የተቆነጠጠ ጉንጭ፣ ያ ሹራብ፣ ያ የዋህ ዓይን... ፊት ለፊቴ ቆሞ ስሜን ሊወስድብኝ ነው።

መታሁት።

አፉን ነው የመታሁት። የፊት ጥርሶቹ ሲሰበሩ ሰማሁ። ወደቀ። በላዩ ላይ ቆሜ ደገምኩት። ትከሻውን፣ ጎኑን፣ ፊቱን። ዓይኑ በደም ተሞላ። አልሸሸም፣ እጁንም አላነሣም። «እማ... እማ...» ብቻ ነው የሚለው። እሱ እማ ባለ ቁጥር እኔ ይብስብኛል።

አንድ ሰው ከኋላ አንቆ ያዘኝ። ዞሬ እሱንም መታሁት። ሙሄ ነበር። ክንዱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ሲወጣ አየሁ።

ጩኸቱ አነቃኝ።

እጄን አየሁ። የያዝኩት የጎማውን አይደለም። ዝገት የበላው የግንበኞች ፌሮ ነው። የጎማው ግድግዳው ሥር ተጋድሟል። መቼ እንደቀየርኩት አላውቅም።

ልጁ የለም።

«ማንን ነው የምትደበድበው?» አለኝ ሚሳኤል። «ባዶ ወለል ነው እኮ።»

ባዶ ወለል ነው ያለው። ግን ወለሉ በደም ጨቅይቷል። ሙሄ ከእኔ ሸሽቶ የቆመው ወዲያ ማዶ ነው፤ የእሱ ክንድ ገና መንጠባጠብ መጀመሩ ነው። ይህኛው ደም ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ሁሉም አይተውታል፣ የማን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ሰሀር ጥግ ይዛ አስታወከች።

ደሙ እየተንጠባጠበ ወደ ደረጃው ሄዷል። ተከተልኩት። የያዘኝ የለም፤ ሁሉም ፈርተውኛል። ጠብታው በደረጃው ወርዶ፣ የአሸዋውን ክምር አልፎ፣ አስፋልት ዳር ሲደርስ ጠፋ።

የተደበደበ ልጅ የት እንደሚሄድ ግን አውቃለሁ። እናቱ ጋ ነው የሚሄደው።

የላፍቶ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ሸሚዜ ደም በደም ነው። ሰዎቹ ፊቴን አይተው ወደ መስኮቱ ሸሹ። አቡሽ ብሎ የጠራኝ አንድም ሰው የለም። ዘጠኝ ዓመት የለመንኩት ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን አንድ ሰው ጉንጬን ቢቆነጥጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

የእናቴ የግቢ በር ገርበብ ብሏል።

ገፋ አድርጌ ገባሁ። እናቴ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ የውሃ ሳፋ አለ፣ ውሃው ቀልቷል። ልጁ ጭኗ ላይ ራሱን አስደግፏል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። በጨርቅ አፉን እየጠረገችለት ታለቅሳለች። ማን ነው እንዲህ ያደረገህ ልጄ፣ ማን ነው ትለዋለች።

«እማ» አልኩ።

ቀና አለች።

«ማንን ፈልገው ነው?»

ልጁ እጁን አነሣና ወደ እኔ ጠቆመ።

እናቴ እጄን አየች። ሸሚዜን አየች። በሕይወቷ በኩርኩም እንኳ ነክታኝ አታውቅም። ተነሥታ ከሙቀጫው ውስጥ ዘነዘናውን መዘዘችው።

መጀመሪያ ትከሻዬን ነው ያገኘችው። ተንበረከክኩ። እኔ ነኝ፣ ልጅሽ ነኝ ልላት አፌን ስከፍት አፌን መታችኝ። ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁት። እጄን አላነሣሁባትም። እንዴት አነሣለሁ? እየመታችኝ ታለቅሳለች፤ ልጄ ምን አደረገህ፣ ምን በደለህ ትላለች። ከምቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ቅናት ነው። ለእሱ ስትል ነው የምትመታኝ።

እየተንፏቀቅኩ በሩን ወጣሁ።

«ኤልያቄምዬ፣ በሩን ዝጋው» አለች እናቴ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። እኔን የምትጠራበት ድምፅ ነው።

ልጁ እያነከሰ መጥቶ ዘጋው። መቀርቀሪያው ገባ።

ጉንጬ መሬት ላይ እንደተለጠፈ ቀረሁ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጫማው ይታየኛል። አልሄደም። ወደ እኔ ዞሮ ቆሟል...

ከዚያ ከጫማው አጠገብ ሌላ እግር መጥቶ ቆመ። ባዶ እግር ነው። ትንሽ... ገና መቆም የሚለምድ ሕፃን እግር። «ኤልያቄምዬ፣ ና» አለች እናቴ፤ ዞሮ የሄደው ትንሹ እግር ነው።