ስሙ የተደበቀው ሆቴል

«ዋጋሽን ጥሪ» አለቻት ሶኬት፣ አውራ ጣቷን ከስልኩ መስታወት በላይ አንጠልጥላ። «ፈጠን በይ እንጂ፣ ደወል ሊደወል ነው።»

ቆቅ ዋጋዋን ጠራች። ሶኬት ቀና ብላ አየቻትና ሳቀች። «በዚህ ዋጋ አምስት ኮከብ? በዚህ ዋጋ እኮ የዘበኛውን ወንበር እንኳ አያከራዩሽም።»

«ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ዝቅ አድርጊ አልኩ እንጂ መሬት ቆፍሪ አልኩ?»

የተቀመጡት ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጥግ፣ ግድግዳው ላይ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ባለበት ቦታ ነው። ሶኬት ቅጽል ስሟን ያገኘችው እዚሁ ነው፤ ስልኳ ከማርጀቱ የተነሳ ግድግዳ ላይ ካልተሰካ አይሠራም፣ እሷም ከስልኳ አትለይም። ቆቅን ቆቅ ያለቻት ግን እናቷ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኮሽ ሲል የምትነቃ ልጅ ነበረች፤ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ ድመት በጣሪያው ካለፈ ብድግ ትላለች። ቤታቸው የሚደውል ሰዓት ኖሮ አያውቅም። እናቷን ለሥራ የምትቀሰቅሳት እሷ ነበረች።

ጨረታው እንዲህ ነው። የትልቁ ከተማ ውድ ሆቴሎች ክፍል ባዶውን ከሚያድርባቸው በርካሽ ቢለቁት ይመርጣሉ፤ ረከሱ እንዳይባሉ ግን ስማቸውን ይደብቃሉ። ተጫራቹ የሚያውቀው ሰፈሩንና የኮከቡን ብዛት ብቻ ነው። ዋጋውን ይጠራል፤ አንዱ ሆቴል እሺ ካለ ገንዘቡ እዚያው ከካርዱ ይቆረጥና ስሙ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ልሰርዝ፣ ቀን ልለውጥ ቢሉ ሰሚ የለም። እሺ የሚል ሆቴል ከጠፋ ደግሞ በሩ እስከ ማግስቱ ይዘጋል። ሶኬት ይህን ሁሉ የተማረችው ለነጋዴዋ ታላቅ እህቷ ክፍል ስትፈልግላት ነው። ካርዱም የእህቷ ነው፤ ቆቅ ገንዘቡን በእጅ ሰጥታታለች።

ገንዘቡ የተሰጠው ለሌላ ነበር። «ለአንድ ሌሊት ጎናችንን የምናሳርፍበት ርካሽ አልጋ ፈልጊ» ነበር ያለቻት እናቷ። እናቷ በትልቁ ከተማ አድራ በማግስቱ ወደ ሰው አገር ትበራለች። የከተማቸው ሆቴል ተዘግቶ የአልጋ አንጣፊነት ሥራዋን ካጣች ወዲህ ያላንኳኳችው በር የለም። የከፈተላት ደላላው ብቻ ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ ለሦስት ዓመት ልትሠራ ፈረመች። ቆቅ ደግሞ አክስቷ ዘንድ ትቀራለች። አክስቷ ደግ ሴት ናት፤ ቤቷ ግን ለራሷ ልጆችም አይበቃም።

ስልኩ ጥቂት አሰበና ቀይ ጽሑፍ አመጣ። ዋጋው ተቀባይነት አላገኘም።

«አለቀልን» አለች ቆቅ።

«ቆይ ባክሽ፣ ነቄ ሁኚ። ሌላ ሰፈር ከጨመርን እንደ አዲስ ነው የሚቆጥሩን።» ሶኬት ካርታውን በሁለት ጣቷ ዘረጋችው። «የፋብሪካዎቹን ሰፈር እንጨምር። እዚያ አምስት ኮከብ የለም፤ ያለው ጭስ ነው። ስለዚህ እሺ ቢል የሚለን የመሃል ከተማው ብቻ ነው። ገባሽ?»

«ቢኖርስ?»

«ካለማ ጭስ እየማጋችሁ ታድራላችሁ።»

ዋጋውን ትንሽ ከፍ አደረጉት። ቀይ። የመጋዘኖቹን ሰፈር ጨመሩ፣ ዋጋውንም አሁንም ከፍ አደረጉት። አሁንም ቀይ። ሶኬት ግድግዳውን ተደግፋ እጇን አጣጠፈች።

«እኔ የማይገባኝ» አለች፣ «እናትሽ ርካሽ አልጋ አይደል ያለችሽ? በጠዋት ተነስታችሁ ለምትሄዱት አምስት ኮከብ ምን ያደርግላችኋል? ለፎቶ ነው?»

ቆቅ ለማንም ያልተናገረችውን ነገረቻት። «እንቅልፍ እንዲጥላት ነው። እማዬ የረባ እንቅልፍ ከተኛች ወራት አልፈዋል። እንዲህ ያለ አልጋ ላይ ከተኛች ይነጋባታል። ደላላው በማለዳ መጥቶ ካጣት ጥሏት ነው የሚሄደው፤ የቀረ ቀረ ብሎ አብረዋት ለሚሄዱት ሴቶች ሁሉ ነግሯቸዋል። የምቀሰቅሳት እኔ ነኝ። አልቀሰቅሳትም።»

«ያምሻል እንዴ?»

«አልቀሰቅሳትም አልኩሽ።»

ሶኬት ከተደገፈችበት ግድግዳ ቀና አለች። የእሷም አባት ሰው አገር ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፁን የምትሰማው ከዚሁ ካረጀ ስልክ ነው። ስልኩን ከምድር አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«በቃ፣ ያለሽን ሙሉውን እንጥራው» አለች። «የመቃብሩን ሰፈርም ልጨምርበት። እዚያ ገብቶ የሚያድር እንጂ በጠዋት የሚወጣ እንግዳ የለም።»

አረንጓዴ መጣ። የሆቴሉ ስም ከነፎቶው ተገለጠ። ስሙ የባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ሁለቱም በትክክል ማንበብ አቃታቸው፤ ነጩ አልጋ ግን ግማሹን ክፍል ይዞታል። ሶኬት እንደ ወትሮዋ አልፎከረችም። ደወሉ ሲደወል የስልኳን ገመድ ጠቅልላ ተነሳች።

በረራው አንድ ቀን ሲቀረው እናትና ልጅ ከአውቶቡስ ወርደው ሆቴሉን ሲያገኙት ሊመሽ ተቃርቦ ነበር። ቆቅን ወደ አክስቷ ቤት የሚመልሳት አጎቷ የጭነት መኪናውን ይዞ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ይመጣል፤ እስከዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቷ ሻንጣዋን እየጎተተች ፎቁን ከታች እስከ ላይ አየችው። የመስታወቱን በር፣ ባለ ወርቅ ቁልፍ ኮት የለበሰውን በር ከፋች አየች። ከዚያ በሕንፃው ጎን ባለው ጠባብ መንገድ ታጠፈች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«በሩን ልፈልግ ነዋ።»

ቆቅ ሮጣ ደረሰችባት። እናቷ የቆሸሸ አንሶላ የተከመረባቸው ጋሪዎች ከቆሙበት የጀርባ በር ደርሳ፣ ለጥበቃው መታወቂያዋን ልታሳይ ቦርሳዋን ከፍታለች።

«አዲስ ሠራተኛ ነሽ?» አላት ጥበቃው።

«አይ፣ እኔ እንኳን... እንግዳ...» ቦርሳዋን መልሳ ዘጋች። ሆቴል ቤት በሠራችበት ዘመን ሁሉ በፊት ለፊት በር ገብታ አታውቅም።

«በዚያ በኩል ነው የምንገባው» አለች ቆቅ እጇን ይዛ። «ከፍለናል እኮ።»

«እግሬ ነው ያመጣኝ» አለች እናቷ፣ አፍራ ሳቀች። ቆቅ መሳቅ አልቻለችም።

ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ እናቷ ሻንጣዋን በሩ ሥር ትታ ሥራ ጀመረች ማለት ይቻላል። ጣቷን በመብራቱ ጀርባ አሳልፋ አቧራ ፈለገች። የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት አንገቷን ዘንበል አድርጋ በብርሃን አየችው። የፍራሹን ጥግ አንስታ የአንሶላውን እጥፋት መረመረች።

«ጎበዝ ናት» አለች። «ግን ቸኩላለች። ይህን ትራስ ሳታራግፈው ነው የሄደችው። ስንት ክፍል ጭነውባት ይሆን፣ ምስኪን።»

«እማዬ፣ አረፍ በይ እስቲ።»

እናቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አልጋው ላይ ማለቴ ነው።»

«አልጋ ላይማ አይቀመጡም።»

«እነማን?»

የእንግዳ አልጋ ላይ የተቀመጠች አንጣፊ በዚያው ቀን ትባረራለች፤ ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ የተነገራት ሕግ ይህ ነበር። አንዲት ባልደረባዋ የጫማዋን ማሰሪያ ልታጠብቅ ቁጭ ባለች አለቃዋ ደርሳባት እንጀራዋን አጥታለች። ቆቅ ታሪኩን ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፣ ሁሌም ያስቃት ነበር። ዛሬ ግን የእናቷን ትከሻ ይዛ፣ እየገፋችም እየለመነችም፣ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። እናቷ ፍራሹ ሲሰምጥባት ሁለት እጇን ግራና ቀኝ ተከለች።

«ወይ ጉድ» አለች ቀስ ብላ። «እንዲህ ነው ለካ።»

ከቤት የያዙትን ዳቦ በሉ። ፍርፋሪው ምንጣፉ ላይ እንዳይወድቅ እናቷ ፎጣ አነጠፈች። እየበሉ ምክር ያዘች፦ አክስትሽን እንዳታስቸግሪ፣ ሳትጠየቂ ዕቃ እጠቢ፣ ፈተናሽን አደራ፣ ሶኬት ከክፍል እንዳታስቀርሽ። ቆቅ ዳቦውን ታገላብጣለች።

«ሦስት ዓመት ምን አላት» አለች እናቷ። «ሳናውቀው እልም ትላለች።»

«ባትሄጂስ?»

እናቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ባልሄድስ?» አለች። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ባልሄድ ምን እንሆናለን?»

ቆቅ የምትለው ብዙ ነገር ያላት መስሏት ነበር። ሁሉንም ደጋግማ ስታስበው ግን አንዱም ዳቦ የሚሆን አልነበረም።

ሲተኙ እናቷ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ዛሬስ ያለ ሐሳብ ነው የምተኛው። ቆቄ እያለችልኝ። ከነገ ወዲያ ማን እንደሚቀሰቅሰኝ እንጃ።»

ቆቅ ከባዱን መጋረጃ ቀዳዳ ሳታስቀር ዘጋችው። የእናቷን ስልክ ድምፁን አጥፍታ በራሷ ራስጌ አደረገችው። ብዙም ሳይቆይ እናቷ ማንኮራፋት ጀመረች፤ እናቷ የምታንኮራፋው ልቧ ሲያርፍ ብቻ ነው፣ ሆቴሉ ከተዘጋ ወዲህም ያ ድምፅ ከቤታቸው ጠፍቶ ነበር። ቆቅ በጨለማው ፈገግ አለች። ሠርቷል።

ዓይኗን የገለጠችው ስልኩ ሲበራ ነው። የደላላው ስም ነበር። ያለ ድምፅ በርቶ በርቶ ጠፋ። በመጋረጃው ጠርዝ ቀጭን ብርሃን ገብቷል። ቆቅ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ስልኩ እንደገና በራ፣ እንደገናም ጠፋ። ትንሽ ከቆየች ሁሉም ያበቃል፤ የደላላው ሚኒባስ ሌሎቹን ሴቶች ይዞ ይሄዳል።

ያኔ ነው ማንኮራፋቱ መቆሙን ያስተዋለችው።

ዞር ብላ አየች። እናቷ በጀርባዋ ተጋድማለች፣ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ እጆቿ ደረቷ ላይ ናቸው። የተኛ ሰው ግን ዓይኑን እንዲህ አጥብቆ አይጨፍንም። ሽፋሽፍቶቿ ይርገበገባሉ። እናቷ ነቅታለች፤ ምናልባትም ከቆቅ በፊት ነቅታለች።

ነቅታ እየጠበቀች ነው። ቆቅ ካልቀሰቀሰቻት አትነሳም። አውሮፕላኑ ይሄዳል፣ ጥፋቱም የማንም አይሆንም፤ እንቅልፍ ጣለን ይባላል፣ አክስትም ደላላም ያምናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ቆቅ ብቻዋን ያሴረች መስሏት ነበር፤ ለካ እናቷም ያንኑ ስትመኝ ኖራለች። እማዬ መሄድ አትፈልግም። ይህን ስታውቅ ቆቅን ደስታ ወረራት፤ ልታቅፋት፣ ልትስቅ፣ ብርድ ልብሱን በሁለቱም ላይ ልትስብ ፈለገች።

ደስታው ግን አልቆየም። ከዚህ ክፍል ሲወጡ የሚመጣውን አየችው። የአጎቷ መኪና፣ የአክስቷ ፊት፣ እነዚያው የተንኳኩ በሮች። እናቷ ሳህኑን ወደ እሷ ገፍታ «እኔ ጠግቤያለሁ» ስትል፣ ሳትጠግብ። ብትሄድም ይከፋል፣ ብትቀርም ይከፋል፤ ከሁለቱ ክፉ አንዱን መምረጡ ደግሞ ለቆቅ ተተወላት። በእናቷ ተናደደች። እንዲህ ያለ ሸክም በልጅ ላይ አይጣልም። ከዚያ እነዚያን የሚርገበገቡ ሽፋሽፍቶች ደግማ ስታይ ንዴቷ ጥሏት ሄደ፣ እናቷ እስከዚህ ድረስ ስለደከማት አዘነችላት።

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ በራ። ቆቅ እጇን በእናቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ትከሻው ድንጋይ ሆኗል።

«እማዬ» አለች። «ተነሺ።»

እናቷ ወዲያው አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና አዛጋች። «ነጋ እንዴ?»

«ነግቷል።»

«እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው የወሰደኝ። ምንም አልሰማሁም።»

«አዎ» አለች ቆቅ፣ ስልኩን አንስታ እየሰጠቻት። «በጣም ነው የተኛሽው።»