ወለተ ማን?

እኔ እንኳን መንፈስ ምናምን፣ ሕልም የሚፈታ ሰው ሲያጋጥመኝ ስቄ የማልጠግብ ሴት ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን የማወራችሁ ላስደንቃችሁ ብዬ እንዳይመስላችሁ፣ ለብቻዬ መያዙ ስለከበደኝ ነው።

ዓለም ባንክ ታክሲ መያዣው ጋ ጋሽ ፍሰሐ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ ክረምት ከበጋ ቢጫ የዝናብ ልብስ ደርበው፣ ዙሪያውን ቆርኪ በሚስማር የመቱበትን መቋሚያቸውን ቸክ ቸክ እያደረጉ ይመጡና፣ በሚኒባሱ መስኮት አንገታቸውን አስገብተው ተሳፋሪውን ሁሉ ክርስትና ስሙን ይጠይቃሉ፣ በዚያ ስም ነዋ የሚጸልዩለት። ሙስሊም ሲያጋጥማቸው «የእናንተስ ግልግል ነው፣ አንድ ስም ይበቃችኋል» ብለው በዚያው መርቀው ያልፋሉ። አንዴ የሰሙትን ስም ደግሞ፣ እመኑኝ፣ አይረሱም፣ ረዳቶቹ አብደዋል እያሉ ቢያሟቸውም ከመንገድ ማዶ እሳቸው በክርስትና ስማቸው ሲጠሯቸው የረዳቶቹ ፊት ይፈካል።

የኔ ተራ ሲደርስ አላውቀውም አልኩ። እውነቴን ነው፣ እናቴ ክርስትና ባስነሳችኝ በወራት ውስጥ ነው የሞተችው፣ ያሳደገችኝ አክስቴም በቦታው አልነበረችም፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ታክሲው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«እናትሽ የለችም?»

«ሞታለች።»

«እንግዲያው እሷኑ እጠይቅልሻለሁ፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ባገኘኋቸው ቁጥር ጠየቁልኝ ወይ እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ኮስተር ብለው «ገና አልተገናኘንም» ይሉኛል። ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ፣ ይቺን ለመስማት ስል የመጣልኝን ታክሲ ያሳለፍኩበት ቀን አለ።

ባለፈው ክረምት ድንገት ጠፉ፣ መቀበራቸውን የነገረችኝ ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። በዚያው ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ቁጭ ባልኩበት ከታች ከደረጃው ቸክ፣ ቸክ የሚል ነገር ሰማሁ። የሰው ቁልፍ ነው ብዬ ተውኩት። ድምፁ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣና በሬ ላይ ሲደርስ ዝም አለ፣ ከዚያ አንድ ሰው ጠራኝ። ጋሽ ፍሰሐ አይደሉም፣ የሴት ድምፅ ነው፣ ከኔ የምታንስ ሴት። እናቴ ስትሞት እኔ አሁን ካለሁበት ዕድሜ ታንስ ነበር። «ወለተ...» ስትል፣ እኔ ችኩሏ ሳትጨርስ «አቤት!» አልኩ። የቀረውን የራሴው አቤት ሸፈነብኝ።

በሩን ስከፍት ዘይነባ ሻማ ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። ማን ጠርቶሽ ነው አለችኝ። አንቺ አልሰማሽም ወይ ስላት የሰማችው የኔን አቤት ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ፣ ለማይታይ ሰው አቤት አይባልም ብላም ተቆጣችኝ፣ ደግ ሴት ናት፣ ሌሊቱን እሷ ጋ እንዳድር ለመነችኝ።

እሷን ያስጨነቃት አቤት ማለቴ ነው፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ወለተ ማርያም ልሁን፣ ወለተ ሥላሴ ልሁን፣ ወለተ ጊዮርጊስ ልሁን በምን ልወቅ? አሁን ሲመሽ ቴሌቪዥኑን አጠፋና አፌን በነጠላዬ ይዤ እቀመጣለሁ፣ እንደገና ከጠራችኝ እንዳላቋርጣት።