አራት ከዘጠኝ

የደረቀውን ወንዝ ሲያቋርጡ የአይሱዙው የኋላ ጎማ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ሾፌሩ ዳርጌ ነዳጅ ቢሰጠውም መኪናው ንቅንቅ አላለም። የእንስሳት ሐኪሟ ሔርሜላ ዘላ ወርዳ አሸዋውን በእጇ ትዝቅ ጀመር። ከተራራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ዶክተር፣ ይሰማሻል?» አለ ዳርጌ።

«ጎርፍ ነው። ቅርንጫፍ ቁረጥ።»

የግራር ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር ጎሰጎሱ። መኪናው እያቃሰተ ዳር እንደወጣ፣ ድፍርሱ ውሃ ግንድ እየገፋ መጥቶ የቆሙበትን ስፍራ ጠራርጎ ወሰደው። ዳርጌ ጌታን አመሰገነ። ሔርሜላ ማንንም የማመስገን ስሜት አልነበራትም፤ ውስጧ እርር ብሏል።

ደግሞስ ማን ይፈርድባታል? በድርቁ ምክንያት ለከሱት እንስሳት ድርቆሽ ይታደል ተባለ። እሷ የቱርሚን ፍየሎች ዳስሳ ለውፍረታቸው ከአምስት ሦስት ሰጠች፤ ደህና ናቸው ማለቷ ነው። የከብት ባለሙያው ይሁኔ የካንጋተንን ላሞች ከዘጠኝ አራት ሰጠ፤ መክሳት ጀምረዋል ማለቱ ነው። ጂንካ ወንበር ላይ የተቀመጡት ኃላፊዎች ደግሞ ሦስት ከአራት ያንሳል ብለው ድርቆሹን ለጠገቡት ፍየሎች ላኩት! ለሁሉም እንስሳ አንድ መለኪያና አንድ ዓይነት ስያሜ ይኑረን ብላ አምና ለምና ነበር። ይሁኔ «ፍየልና ላም በአንድ ሚዛን?» ብሎ ስብሰባውን አሳቀባት። አሁን ላሞቹ እየሞቱ ነው። ቱርሚ የተራገፈውን ድርቆሽ ለካንጋተን ላሞች መልሳ ያስጫነችው ማንንም ሳታስፈቅድ ነው።

ኦሞ ዳር መንገዱ አለቀ፤ ያኔ ድልድይ አልነበረም። ድርቆሹን በእንጨት ታንኳ ማሻገር ያዙ። ወንዙ አጋማሽ ላይ አዞ ብቅ ብሎ ታንኳዋን በጎኑ ገጫት። አንድ እስር ድርቆሽ ውሃ ገባ። ሔርሜላ ትርፍ መቅዘፊያውን አንስታ አፍንጫውን ደጋግማ ቀጠቀጠችው። የስብሰባውን ሳቅ ሁሉ እሱ ላይ አወረደችው። አዞው ሰጠመ፤ እሷ ግን ውሃውን መምታቷን አላቆመችም።

«ሄዷል እኮ፣ ተይው» አለ ዳርጌ። «እኛን ልትገለብጪን ነው።»

ማዶ ይሁኔ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ማን ፈቀደልሽ? በቱርሚ ስም የወጣ ንብረት ነው። ሁለታችንንም ያሳስሩናል። መልሽው።»

«ላሞቹን ካየሃቸው ስንት ጊዜህ ነው?»

መልሱን ሳትጠብቅ አንድ እስር ድርቆሽ ተሸክማ በትከሻዋ ገፍታው አለፈች።

የደረሱበት በረት የአርብቶ አደሩ የቶላ ነው፤ ያለው ሀብት እነዚያው ላሞች ብቻ ናቸው። ከአጥሩ ውጭ የሞቱት ተደርድረዋል፤ ሽታው ያፍናል። ቶላ ለሰላምታ እንኳ እጁን አልዘረጋም።

«ቁጥር ሰጣችሁ፣ ሄዳችሁ» አለ። «ለነዚህስ ስንት ትሰጣላችሁ?»

ይሁኔ ከሞቱት ላሞች ፊቱን አዞረ። በቀስታ፣ «እሺ፣ ሔርሜላ። ባንቺው መለኪያ ይሁን፣ በአምስቱ» አለ።

ዓመት ሙሉ የቋመጠችለት ቃል ነበር። አሁን ስትሰማው አመማት።

«አምና ብትለው ምን ነበረበት?» አለችው። «የኔ ይሁን ያንተ ከእንግዲህ ግድ የለኝም። እዚሁ፣ ጎድናቸውን አብረን እየዳሰስን እንስማማለን። ሳንስማማ ደግሞ ከዚህ በረት ማናችንም አንወጣም።»

«እሱን ኋላ ተጨቃጨቁ» አለ ቶላ። በረቱ መሃል መነሳት ያቃታት ላም አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። «ይቺ አሁን ካልቆመች አትቆምም። አንቺ በዚህ፣ አንተ በዚያ።»

ሔርሜላና ይሁኔ ከላሚቱ ሆድ ሥር ተያያዙ፤ ቶላ ጅራቷን ጨበጠ። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም፤ ሦስቱም አብረዋት ወደቁ። ይሁኔ እያለቀሰ እንደነበር ሔርሜላ ያኔ አየች። አልራራችለትም፤ እጁን ግን መልሳ ያዘች።

«አንሳ» አለችው።

ላሚቱ እየተንቀጠቀጠች ቆመች። ቶላ ድርቆሽ አፏ ላይ አደረገላት።