ድምፅ መቅጃው ሲሞከር

ጥር 19 ቀን 2003 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደ ለበሰች፣ የሞባይል መሸጫው ባንኮኒ ላይ ተደግፋ የአንዱን ስልክ ስክሪን በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ስክሪኑ ተንሸራተተና ከሥሩ በአራት ረድፍ የተደረደሩ ቁልፎች ብቅ አሉ። ቀጭ! መልሳ ዘጋችው። ቀጭ! ደግማ ከፈተችው።

«ሲቆይ አይላላም?»

«ኧረ አንቺ ታረጂያለሽ እንጂ እሱ አይላላም!» አለ ሻጩ። «ኪቦርዱ ፏ ያለ ነው። ሬዲዮ አለው፣ ካሜራ አለው፣ ባትሪ ያበራል፣ ሁለት ሲም ይጎርሳል። ልብስ ማጠብ ብቻ ነው የቀረው!»

ልጅቷ አልሳቀችም። ከኋላዋ ወንበር ላይ የተቀመጠው አባቷ ቅዳሜ ቀዶ ጥገና ይገባል። ጉሮሮው ውስጥ የበቀለውን እባጭ ለማውጣት ሐኪሞቹ ድምፁን አብረው ሊወስዱት ግድ ሆኗል። ከቅዳሜ ወዲያ የሚናገረው በጣቶቹ ነው። በዚያ ባንኮኒ ላይ የምትመርጠው የአባቷን አንደበት ነበር።

አባቷ ሃያ ዓመት ሙሉ የታክሲ ረዳት ሆኖ ኖሯል። ሲጠራ ከመንገዱ ማዶ የተኛ ሰው ይነቃል ይባልለት ነበር። አሁን ግን ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ነው። ልጁን «ጥያቄ» ብሎ ይጠራታል፤ ከአፏ ጥያቄ ተለይቶ አያውቅማ።

«ተች ስክሪኑን ሞክሬው ነበር፤ አንዱን ፊደል ስነካ ሦስቱ ይመጣሉ» አለ አባትየው። «የእኔ ጣት የታክሲ በር እንጂ መስታወት አልለመደም።»

«ይኼንንስ ሞክረው፣ አባዬ። ‹ውሃ› ብለህ ጻፍ።»

ስልኩ የራሳቸውን ፊደል ስለማያውቅ፣ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በላቲን ፊደል ጻፈ። «ውሃ» ጻፈ። «አመመኝ» ጻፈ። «ሐኪም ጥሩልኝ» ጻፈ። አራተኛውን ማንም ሳያዘው ጻፈ፦ «ጥያቄ፣ ራትሽን ብዪ።»

ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ ወደ ሻጩ ዞረች። «ድምፅ መቅጃውስ?»

«ጥርት አድርጎ ነው የሚቀዳው! ጋሼ፣ እስቲ የሆነ ነገር ይበሉ» አለ ሻጩ።

ሐኪሙ እንዳይጮኽ ከልክሎታል። አባትየው ልጁን አየት አደረጋትና ተነሣ። የማይታይ በር በአንድ እጁ ያዘ፤ ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አዘነበለ።

«ድልድይ! ወፍጮ ቤት! ገበያ! ጤና ጣቢያ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»

በዚያ ስታልፍ የነበረች ዘንቢል የያዘች ሴት አንገቷን ወደ ሱቁ አስግጋ «የት ነው የቆመው?» ብላ ጠየቀች። ሦስቱም በሣቅ ፈረሱ። የአባትየው ሣቅ ግን ወደ ሳል ተለወጠ፤ ነጩን መሐረብ ከአፉ ሲያነሣው ደም ነበረበት።

«ይህቺ የመጨረሻዬ ናት» አለ በሹክሹክታ። «ላንቺ ትሁን።»

ቅጂውን አንድ ጊዜ አዳመጡት፤ የሴትየዋ ጥያቄ እንኳ ሳይቀር ገብቷል። ልጅቷ አባቷን ደግፋ ወደ በሩ ስትወስደው፣ ሻጩ ስልኩን ወለወለና አሽጎ ሰጣቸው።

ቤት ደርሳ ካርቶኑን ከፈተች። መቅጃው ባዶ ነበር። ሚሞሪ ካርዱን አየች፣ የመልእክቱን ሣጥን አየች፤ «ራትሽን ብዪ» እንኳ የለም። ወደ ሱቁ ሮጠች።

«ፎርማት አድርጌው ነዋ!» አለ ሻጩ ፈገግ ብሎ። «ደንበኛ ሲሞክር የነካካውን ሁሉ ሙልጭ አድርጌ ነው የማስረክበው። እኔ ዘንድ ያደፈ ዕቃ…» ቃሉን ሳይጨርስ ገባው። ሁለት እጆቹን ራሱ ላይ ጫነ። «ወይኔ እህቴ! ምን ነካኝ?»

«መመለስ አይቻልም?» አለች። መልሱን እያወቀች ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አይቻልም። ግን… ገና ሐሙስ ነው፤ ነገ አንዴ ደግመው ቢጠሩልሽስ?»

ወደ ቤት ተመልሳ፣ ስልኩን ጨብጣ አባቷ ክፍል በር ላይ ቆመች። ብትጠይቀው እንደሚነሣ፣ እንደሚጠራ ታውቃለች፤ ጥያቄዋን ገፍቶ አያውቅም። መሐረቡ ታጥቦ የመስኮቱ ብረት ላይ ተሰጥቷል። እድፉ አልለቀቀም።

«ምን ልትጠይቂኝ ነው?»

«ምንም፣ አባዬ።»

«አንቺ? ምንም? ዛሬስ ዝናብ ይጥላል!»

ስልኩን ኪሷ ከተተችና አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ስለ ጎረቤት ውሻና ስለሚያፈሰው ጣራ ሲያወራ፣ እሷ ነገሩን ትታ ድምፁን ብቻ ታዳምጥ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ቀና ባለበት ቀን፣ አባትየው ስልኩን ተቀበላት። ቀጭ አደረገና ጻፈ፦ «ያንን ጥሪ አሰሚኝ።»

መቅጃው አልከፍት አለኝ ማለት ትችል ነበር። ነገ ማለትም ትችል ነበር።

«የለም፣ አባዬ። ሻጩ ሲያጸዳው አብሮ ጠፋ። ያወቅሁት በዚያው ቀን ነው።»

ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ቀስ ብለው አንድ በአንድ ጻፉ፦ «ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ተነሣች። የአልጋውን ብረት እንደ ታክሲ በር ያዘች፤ ወደ መተላለፊያው አዘነበለች።

«ድልድይ! ገበያ! ጤና ጣቢያ!…» ድምፅዋ ተሰበረ። ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛው ሽማግሌ ቀና አለ። አባትየው የአልጋውን ብረት በጣቱ አንኳኳና ስክሪኑን አዞረላት፦ «ወፍጮ ቤትን ዘለልሽ።»

ልጅቷ ቀና ብላ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

የታክሲ ማቆሚያዎቹ ተራ እዚህ የሰፈረው ከልጅቷ ትዝታ ነው። በዚያ መስመር የተሳፈራችሁ ሁሉ፣ የተዘለለ ማቆሚያ ብታገኙ ንገሩን፤ ጥሪው ከመጀመሪያው ይደገማል።